ስሙ ኩዛን ነው አልኋቸው

ያንን አንድ ቃል የሸሸግሁት ለአክስቴ ጆሮ ተጠንቅቄ ነው ወይስ ለራሴ ትምህርት ሳስቼ? ሁለቱም ነው ብዬ እንዳልገላገል አንዱ ሌላውን መቅደሙ አይቀርም። የትኛው እንደ ቀደመ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ትምህርት ቤት የገባሁት በሃያ ሦስት ዓመቴ፣ ባሌ ከሞተ በኋላ ነው። ሐረር፣ ከጀጎል ግንብ ውስጥ፣ ከአባቴ እህት ቤት ተጠግቼ እኖር ነበር። የፈረንሳይ ደናግል ሴት ልጆችን ያስተምሩ ነበርና ስምንትና ዘጠኝ ዓመት ከሆናቸው ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጥሁ። ጉልበቴ ከጠረጴዛው ሥር አልገባ ስለሚል ወደ ጎን ተጣምሜ እጽፍ ነበር። ልጆቹ «እማማ» እያሉ ይጠሩኛል። እኔም የተሳሳቱትን ፊደል እያሳየሁ እበቀላቸዋለሁ።

አክስቴ ሲፈቅዱልኝ አንድ ነገር አስምለውኛል። የነፍስ አባታቸው «ካቶሊክ ያደርጓታል» ብለው አስፈራርተዋቸው ነበር።

«ከእነሱ ዘንድ ያነበብሽውን ሁሉ እዚህ በአማርኛ ትነግሪኛለሽ» አሉኝ። «ነውር የሰማሁ ቀን ትምህርቱን ቀረ በይው።»

ስለዚህ ከሰዓት በኋላ እሳቸው ጥጥ ሲፈትሉ እኔ አነባለሁ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ንባቡ «ድመቷ ወተት ጠጣች፤ ውሻው በር ላይ ተኛ» ነበር።

«ይኼን ሊነግሩሽ ነው ባሕር ያቋረጡት?» አሉ አክስቴ። «የእኛም ድመት ትጠጣለች።»

ሁለተኛዋ አድማጭ ጎረቤታችን ነበረች። የጀጎል ተወላጅ፣ ከእኔ ጥቂት ዓመት የምትበልጥ ሙስሊም ሴት ናት፤ ስፌት እየሰፋች ጊደር መጋላ ገበያ ትሸጣለች። ቤቷና ቤታችን አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። ወስፌዋንና በቀለም የተነከረ አለላዋን ይዛ ትመጣና ከመደቡ ታችኛው ደረጃ ላይ ትቀመጣለች።

ልብ ወለዱን የሰጠችኝ ጠቅልላ ወደ ጅቡቲ የምትወርድ የአንድ ግሪክ ነጋዴ ሚስት ናት። ሽፋኑ እስከ ግማሹ ተቀዷል። ወላጆቿ የሞቱባት ፈረንሳዊት ልጅ መርከብ ተሳፍራ እስክንድርያ፣ አጎቷ ቤት ትገባለች፤ እዚያም ክልክል ፍቅር ይይዛታል።

አክስቴ እስክንድርያ የሚለውን ሲሰሙ ቀና አሉ። «የጳጳሳችን አገር! እንግዲያስ ይነበብ።»

ችግሩ የሚወዳት ሰው የገዛ አጎቷ ልጅ መሆኑ ነው። በመጽሐፉ ፍቅራቸው የተከለከለው ስለ ዝምድናቸው አይደለም፤ እሷ ድሃ ስለሆነች፣ አጎቷም ልጁን ለአንድ ባለጸጋ ሴት ልጅ ስላጨው ነው። በእኛ ቤት ግን የአጎት ልጅ ወንድም ነው። ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ የለም። «የአጎቷ ልጅ እጇን ሳመ» ብል ትምህርቴ በዚያች ዓረፍተ ነገር ያበቃል። አማርኛው ቀረና ፈረንሳይኛው ብቻ ወጣ፤ «ኩዛን እጇን ሳመ።»

«ኩዛን ማነው?» አሉ አክስቴ።

«ልጁ ነው። ስሙ ኩዛን ነው።»

«የማን ልጅ?»

«የአጎቷ… የአጎቷ ወዳጅ ልጅ።»

ከዚያ ወዲያ ሰውዬው ቤተሰብ ሆነ። ገና ደጃፉን ሳልፍ አክስቴ «ኩዛን ዛሬስ ወኔ አገኘ?» ይሉኛል። አንድ ቀን ለልጅቷ የጻፈላትን ደብዳቤ ሳነብ ለሴት ሲሆን የሚባለው «ኩዚን» አመለጠኝ።

«እሷ ደግሞ ኩዚን ናት?» አሉ። «ኩዛንና ኩዚን! ስማቸው እንኳ ተዛምዷል። እግዜር ያገናኛቸው ናቸው፤ በርታ በሉት!»

አንገቴን ወደ ገጹ ደፋሁ።

ጎረቤታችን ግን እንደ አክስቴ አልቀለለችልኝም። «አንድ ዙር ከዘለልኩ ስፌቱ ይጣመማል» አለችኝ። «ይኼ ወሬሽም ተጣምሟል። አጎትየው የወዳጁን ልጅ የሚከለክለው ማን አርጎት ነው? ወላጅ አባቱ የት ሄደ?»

«ንግድ ሄዷል።»

«ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ አልተመለሰም እኮ!» ወስፌዋን ስፌቱ ላይ ሰካችው። «ደግሞስ አጎቷ ለራሱ ልጅ ለምን አይድራትም? እኔን ለአጎቴ ልጅ ነው የዳሩኝ። ምኑ ሐራም ነው? ወላሂ ከባዕድ ይሻላል፤ ሲያስቀይመኝ ለአባቱ እከሰዋለሁ፤ አባቱ አጎቴ ነው!»

«እናንተ መንገድ ትፈራላችሁ» አሉ አክስቴ። «ከግቢ ሳትወጡ ትጋባላችሁ።»

«እናንተ ደግሞ ሰባት ቤት ቆጥራችሁ እስክትጨርሱ ልጅቷ ታረጃለች፣ እትዬ!»

ሁለቱም ሳቁ፤ የቆየ ቀልዳቸው ነው። እኔ አልሳቅሁም። እሷ ትዳሯን በአደባባይ ስትናገር እኔ ያንኑ ነገር እንደ ነውር ጠቅልዬ ከፊቷ አስቀምጫለሁ።

በዚያው ወር የደናግሉ አለቃ ጠሩኝ። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ሳልቀር ከተማርሁ፣ በሚቀጥለው ዓመት ታናናሾቹን ፊደል እንዳስቆጥር ሊያደርጉኝ አስበዋል። መጽሐፉም ማለፊያ ከሌለው ገጽ ላይ ደረሰ፤ በሞት አልጋ ላይ ያለችው አያት የሁለቱን እጅ ይዛ «የልጆቼ ልጆች» ትላቸዋለች። ለዚህ የሚሆን የውሸት ስም አጣሁ። ሦስት ቀን ዓይኔን አሞኛል አልሁ።

በአራተኛው ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ከከተማው በላይ ያለው የሐኪም ጋራ ዝናብ ለብሶ ነበር። ልጆቹን በአንዲት የፊደል ጭረት የማልምር ሰው አንድን ሰው ከነዝምድናው ሰርዣለሁ። የጠመመውን ፈትቼ ከመጀመሪያው እሰፋዋለሁ፤ ትምህርቱንም ቢሆን አልለቅም ብዬ ገባሁ። ሁለቱም በየቦታቸው ተቀምጠዋል።

«ኩዛን ስም አይደለም» አልሁ፣ ገና ሳልቀመጥ። «የአጎት ልጅ ማለት ነው። ወዳጅ የተባለውን እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ልጁ የአጎቷ ልጅ ነው።»

የአክስቴ እንዝርት ቆመ። «ከመጀመሪያው?»

«ከመጀመሪያው።»

«እንግዲህ ይኼን ሁሉ ወር በርታ ስለው የከረምኩት ወንድሟን ነው?»

ጎረቤታችን የሻሿን ጫፍ አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ትንቀጠቀጣለች። «አልሐምዱሊላህ፣ አባቱ ከንግድ ተመለሰ!»

አክስቴ አልሳቁም። «ምን ብዬ ነበር ያስማልኩሽ?»

«ነውር የሰማሁ ቀን ቀረ በይው ብለውኛል። እኔ ግን አልቀርም። ስለ ዋሸሁ ይቅጡኝ። ከቤት ቢያስወጡኝም ትምህርቴን አልተውም።»

እሳቸው ፊት እንዲህ ተናግሬ አላውቅም። ቃሌን ግን አላጠፍሁትም።

«ገና ምን አልኩሽና ነው ከቤት የምትወጪው?» አሉ። «ነውር» የሚለውን ሊደግሙት አፋቸውን ከፈቱ፤ ጎረቤታችንን አዩና ዘጉት። እሷም ሳቋን ትታ ታያቸው ጀመር። አክስቴ እንዝርታቸውን መልሰው አሾሩ።

«ቁጭ በይ» አሉ በመጨረሻ። «ከመጀመሪያው ገጽ። አሁን የተጻፈውን።»

«ትምህርት ቤቱስ?»

«ነገ በጧት ትሄጂ የለም? ሳይመሽ አንብቢ።»

ገለጥሁ። «የአጎቷ ልጅ ወደቡ ላይ ቆሞ ይጠብቃት ነበር» አልሁ፣ ድምፄን ሳልቀንስ።

አክስቴ አማተቡ።

«ቀጥዪ» አሉ።