የአምቡሊዋ ቢራቢሮ ምን ትበላ ነበር?

ልጅ ሳለሁ በአንዲት ቢራቢሮ ላይ አምስት መቶ ፍራንክ ተወራረድኩ። ገንዘቡ ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 5 በሚባለው ሰፈራችን በየቤቱ በረዶ እያደረስኩ ያጠራቀምኩት፣ ለጥምቀት ነጭ ጫማ ልገዛበት የያዝኩት ነበር። እናቴ «ራስሽ ካልገዛሽ በአሮጌው ትወጫለሽ» ብላኛለች።

ጥፋቱ የጀመረው ከጋሽ ተሰማ ተረት ነው። ጋሽ ተሰማ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ፣ የግቢያችን ተከራይ ነበሩ። ያኔ በሙቀቱ ወራት መብራት ሲጠፋ፣ እኛ ልጆች ሰሌን ላይ ተደርድረን፣ እሳቸው ፋኖሱን መሬት አስቀምጠው ከከሰሉ ፍም ሲጋራቸውን እየለኮሱ፣ ጭሱ ዓይናችንን እየቆጠቆጠን ስለ አምቡሊዋ ቢራቢሮ ያወሩልን ነበር። ትልቅ ናት፤ ቡናማ ክንፏን ነጣ ያለ መስመር ያቋርጠዋል፤ ከኋላ እንደ ጭራ የሾሉ ጫፎች አሏት። በከተማው የምትገኘው ደረቁ የአምቡሊ ወንዝ ዳር፣ መፋቂያ የሚቆረጥባቸው ዛፎች ካሉበት ብቻ ነው። እስከዚህ ድረስ እውነት ነበር። የንጉሥ ልጅ ነበረች፣ ከጤዛ በቀር አትቀምስም፣ ቆሻሻ ከነካት ትሞታለች የሚለውን የጨመሩት እሳቸው ናቸው።

የጎረቤታችን የሐረሩ ነጋዴ ልጅ ዘይነብ ሳቀች።

«ጅቡቲ ውስጥ ጤዛ ከየት ታመጣለች? ወላሂ፣ በረሃብ ታልቅ ነበር!»

«አንቺ ደግሞ ምን ታውቂያለሽ?»

«ስንት ታስይዣለሽ?»

«አምስት መቶ።»

«የብር አምባሬን አስይዣለሁ። በይ ምቺ!» ብላ እጇን ዘረጋች። መታሁ።

ዝናብ ጥሎ ወንዙን ጎርፍ ከሞላው ከሦስት ቀን በኋላ ጋሽ ተሰማን ዳኛ አድርገን ሄድን። ከዛፎቹ በፊት የተቀበለን ሽታው ነው። ጎርፉ ያመጣት ፍየል ከአንዱ ዛፍ ሥር ሆዷ ተነፍቶ፣ ቆዳዋ ተገሽልጦ ተጋድማለች። ከሚርመሰመሰው ዝንብ መሃል፣ ክንፏን በቀስታ እየከፈተችና እየዘጋች፣ የንጉሥ ልጅ ቆማለች። እንደ ክር የቀጠነ ምላሷን ከፍየሏ ዓይን በሚወርደው መግል ውስጥ ነክራ ትመጥጣለች። ሌሎች አራት ቆጠርኩ፤ አንዷም አበባ ላይ አልነበረችም። እዚያው አስመለሰኝ።

«ጤዛዋን አልጨረሰችም፣ አትረብሺያት!» አለች ዘይነብ አፍንጫዋን ይዛ።

ወደ ጋሽ ተሰማ ዞርኩ። «ያውቁ ነበር?»

«ሃያ ዓመት በዚህ ሳልፍ ምን አይ ነበር ታዲያ?» ብለው ሳቁ። «ተረት ነገርኩሽ እንጂ ገንዘብሽን አስይዢ አልኩሽ?»

ሳቃቸው ከጥንቡ ይልቅ አስጠላኝ። ቢጫ ጥርሳቸውን እያየሁ፣ ያን ሁሉ ማታ የሰማሁት ከዚህ አፍ መውጣቱን አሰብኩ።

ዘይነብ በገንዘቤ ሐልዋ ገዝታ ደጃችን ላይ ተቀምጣ በላች። «ቅመሺ» ስትለኝ ጣቶቿ ላይ የሚያብረቀርቀውን ዘይት አይቼ ፊቴን አዞርኩ። ጥምቀትን በአሮጌ ጫማ ዋልኩ።

ዛሬ ሦስት ሱቅ አለኝ። አምስት መቶ ፍራንኩ ብዙ እጥፍ ሆኖ ተመልሶልኛል፤ ዕቃውን የሚያሞግስልኝ ሰው ሲመጣ፣ ከንግግሩ በፊት የምመረምረው እንጀራው ከየት እንደሆነ ነው። እንደ ዘይነብ ለውርርድ የሚቸኩለውንም መልሱን አይቶ የመጣ ነው ብዬ እሸሸዋለሁ። ይህ ትርፌ ነው። ኪሳራዬን የሚያውቁት የልጅ ልጆቼ ናቸው። «ተረት ንገሪን» ብለው ሲከቡኝ እጀምርላቸዋለሁ፤ ነገሩ ማማር ሲጀምር ግን ያ ሽታ አፍንጫዬን ይመታኛል፤ አቋርጬ እነሣለሁ። እስከ ዛሬ አንድም ተረት ጨርሼላቸው አላውቅም።