የጋሽ እጥፍ ዝንብ በል ችግኞች

ፀጉር አስተካካዩን ሰፈሩ የሚያውቀው «ጋሽ እጥፍ» በሚል ስም ነው። እናቱ ያወጣችለት አይደለም፤ አፉ ያወጣለት ነው። በእሱ አፍ ያለፈ ነገር ሁሉ እጥፍ ሆኖ ይወጣል። ትናንት ያካፋው ካፊያ፣ እርስዎ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ነጩ ጨርቅ አንገትዎ ላይ እስኪታሰር ድረስ ጎርፍ ሆኗል፤ አንዱ ጉንጭዎ ተላጭቶ ሌላው እስኪጀመር ድረስ ደግሞ ጎርፉ አንድ ድልድይና ሁለት በሬ ወስዷል። ደንበኞቹ ይህን ስለሚያውቁ የሰሙትን በልባቸው ለሁለት ይከፍሉና ግማሹን ያምናሉ። የቀረውን ግማሽ ለሚስቶቻቸው ይዘውላቸው ይሄዳሉ።

እንዲህ ላለ ሰው ዝንብ የሚበላ ተክል ዘር መስጠት ለእብድ ድንጋይ ማቀበል ነው። ያቀበለው ሩቅ አገር የሚመላለስ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ዘሩ በክብሪት ቀፎ ውስጥ ነው፤ ቡናማ ነው፤ ከሰናፍጭ ፍሬ አይበልጥም።

«ሲያድግ ቅጠሉ እንደ ገንቦ ጎድጉዶ ይቆማል» አለ ሹፌሩ አንገቱን እያስላጨ። «አፉ ላይ የሚጣፍጥ ነገር አለው። ዝንቧ ልልስ ብላ ትገባለች፤ ግድግዳው ያንሸራትታታል፤ ታች ያለው ውሃ ውስጥ ትሰምጣለች። ከዚያ ቀስ ብሎ ይበላታል።»

ጋሽ እጥፍ ምላጩን አየር ላይ እንደያዘ ቀረ። ሌላ ሰው የነገረውን ወሬ ማሳደጊያ ሲያጣ በዕድሜው የመጀመሪያው ነበር።

አፉን ተዉትና እጁ ግን ዋሽቶ አያውቅም። የሰው ጉሮሮ ላይ ምላጭ ሲያንሸራትት የኖረ እጅ ነው። ዘሩንም እንደ ጉሮሮ ያዘው። ሹፌሩ «ብርድ ካልመታው አይበቅልም» ስላለው በእርጥብ ሶፍት ጠቀለለ፣ በላስቲክ አሰረ፣ ቤቱ ወስዶ ፍሪጅ ውስጥ ከእንቁላሎቹ ጎን አስተኛው።

አማቱ የፍሪጁን በር እንደያዙ ጠሩት። «አንተ ልጅ፣ ይሄ እዚህ የተኛው ምንድን ነው?»

«ዘር ነው እማማ። ብርድ አገር ያለ እንዲመስለው ነው።»

«ሰዉ አልበቃህ ብሎ ለዘርም መዋሸት ጀመርክ?»

«ተይው እማዬ» አለች ሚስቱ ከጓዳ። «እስቲ እሱ እንኳን ይመነው።»

ዘሩ አመነው። ብርዱን ጠግቦ ሲወጣ፣ አሸዋና ከረግረግ ዳር የተዛቀ ጥቁር አፈር በተቀላቀለበት ሰፊ ሳሕን ላይ በተነው፤ ፍግ የሚባል ነገር ጫፉን አልነካውም። የሚጠጣው የዝናብ ውሃ ብቻ ነው። የቧንቧ ውሃ እንኳ ይከብደዋል። ብዙ ከጠበቀ በኋላ አንድ ጠዋት አፈሩ አረንጓዴ ነጠብጣብ አወጣ። ቆየት ብሎ ደግሞ እያንዳንዷ ነጠብጣብ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል አፍ ያላት ገንቦ አበቀለች። ጋሽ እጥፍ በአጉሊ መነጽር አያቸውና ዝም አለ። ሚስቱ ያመመው መስሏት ግንባሩን ዳሰሰችው።

አማቱ ግን ተከፉ። በእሳቸው ቤት ያልጠገበ ፍጥረት ኖሮ አያውቅም፤ የሰፈሩ ድመት ሁሉ በእሳቸው ምክንያት በር ማለፍ አቅቶታል። «ውሃ ብቻ? ምን አደረጉህ?» አሉት።

«ጥጋብ ይገድላቸዋል እማማ። ድሃ አፈር ነው የሚወዱት።»

«ድህነት የሚወድ ፍጥረት እኔ አላውቅም።»

ፀሐይ እንዲያገኙ ሳሕኑን ወደ ፀጉር ቤቱ ወስዶ መስኮቱ ሥር አኖራቸው። ችግሩም ከዚያ ጀመረ፤ ምክንያቱም ችግኞቹ መስኮቱ ሥር፣ አፉ ደግሞ ከወንበሩ ኋላ ነበር። ጠዋት ዝንብ የሚበላው ተክል ምሳ ላይ አይጥ ሲውጥ፣ ወደ ማታ ጠፍታ የነበረችው የልብስ ሰፊዋ ዶሮ ወዴት እንደሄደች ታወቀ። በሳምንቱ ሴቶች ልጆቻቸውን እጃቸውን ይዘው በማዶው ጠርዝ ያልፉ ጀመር። ጎንበስ ብሎ ሳሕኑን ያየ ጥቂት ነው። ያዩትም ተክሉ ከአፈር ሥር ተኝቷል ብለው ደመደሙ።

ከመንገዱ ማዶ አዲስ ሥጋ ቤት ተከፍቶ ነበር። ሥጋ ሻጩ ወጣት ነው፤ ትከሻው እንደ ቁምሳጥን፣ ልቡ እንደ ሕፃን። ሰፈሩ ውስጥ ገና እንግዳ በመሆኑ፣ የጋሽ እጥፍ ወሬ ለሁለት ተከፍሎ እንደሚሰማ የነገረው የለም። ሙሉውን ያምን ነበር። የጤና ተቆጣጣሪዋ ሱቁን አይታ «በወሩ መጨረሻ እመለሳለሁ። ይሄ ዝንብ ካልጠፋ አሽገዋለሁ» ብላው ሄዳ ነበርና፣ መስኮትና በሩን ወንፊት የሚያለብስ አናጺ ጠርቶ ያስለካል።

ጋሽ እጥፍ መንገዱን ተሻግሮ መጣ። «ወንፊት? በእኔ ዘመን? አናጺውን አሰናብተው። እሷ ስትመለስ እዚህ ቤት አንዲት ዝንብ ካገኘች ይሄን ጢሜን በመጥረቢያህ ላጨው።»

«እውነት ጋሼ?»

«ተክሌ አለልህ ስልህ።»

አናጺው ሜትሩን ጠቅልሎ ሄደ።

ያን ዕለት ጋሽ እጥፍ ቤቱ ገብቶ ራት አልበላም። «ምን ሆንክ?» አለችው ሚስቱ።

«ሥጋ ሻጩ አመነኝ።»

«ምኑን?»

«ሁሉንም።»

ሚስቱ ማንኪያዋን አስቀመጠች። በትዳር ዘመናቸው ሁሉ እንዲህ ያለ አደጋ አልደረሰባቸውም ነበር። «ነገ ሂድና እውነቱን ንገረው። ሱቁ ከታሸገ በአንተ ነው።»

ሄደ። ችግኞቹ ገና ትንኝ ቢመጣባቸው የሚፈሩ መሆናቸውን ሊነግረው አፉን ከፈተ፤ ልማድ ክፉ ነውና «እንዴት እንደ ጎመዡ ብታይ!» ብሎ ተመለሰ። በማግስቱም ሄዶ ድብ የሚያህሉ አደረጋቸው። ከዚያ በኋላ መሄዱን ተወ፤ ሥጋ ሻጩን የሚጎዳው መሄዱ መሆኑ ገብቶታል።

ቀኑ ሲቃረብ ግን ሰፈሩ ሁሉ ለሥጋ ሻጩ ተጨነቀ። ደግ ሰፈር ነው፤ ደግነቱ ደግሞ ተደብቆ ነው። በወሩ መጨረሻ ዋዜማ፣ በዕረፍት ቀን፣ ፀጉር ቤቱ ተዘግቶ መስኮቱ ለአየር ገርበብ ብሎ ነበር። ጋሽ እጥፍ ሲመሽ እንኳ ብቅ አላለም፤ ቤቱ ተኝቶ ጣሪያ ያያል።

ሲነጋ የፀጉር ቤቱን በር ከፈተና ወደ ኋላው ተመለሰ። ግድግዳው ጥቁር ሆኗል። መስታወቱ ጥቁር ሆኗል። ግድግዳው ሲንቀሳቀስ ነው ዝንብ መሆኑ የገባው። ሳሕኑ ላይ የሥጋ ክምር ተቆልሏል፤ ከክምሩ ሥር ደግሞ የሚንዠቀዠቅ መረቅ።

«ማነው?» አለ በሩ ላይ ቆሞ፣ ሽታው ወደ ሰበሰባቸው ጎረቤቶች ዞሮ።

ምሳ ዕቃ ይዘው የመጡት አማቱ መጀመሪያ አመኑ። «እኔ መረቅ ብቻ ነው። ያውም ቅባቱን ገፍፌ።»

«እኔ ትንሽ ጉበት» አለች ልብስ ሰፊዋ፤ «በዶሮዬ ያዘንኩበት እንዳይመስለው ብዬ።»

የፋርማሲው ሰውዬ የዓሣ ጭንቅላት ማምጣቱን ሳይጠየቅ ተናገረ። ሥጋ ሻጩ አንገቱን ደፋ። «እኔ ጋሼ፣ የጎን ሥጋ ነው። ሁሉንም። ሱቅ ውስጥ የነበረውን ሁሉ። በልተው ቶሎ ካልነቁ እኮ ዛሬ ይታሸግብኛል።»

ተቆጣጣሪዋ በዚሁ መካከል ደረሰች፤ ሥጋ ቤቱ ገባች። መንጠቆዎቹ ባዶ፣ ጠረጴዛው የታጠበ፣ አየሩ ጸጥ ያለ። ዝንብ የተባለ ፍጥረት ሁሉ ድግስ ወዳለበት ተሻግሯል። ጥግ ጥጉን፣ የሚዛኑን ሥር ሳይቀር አየች፤ ምንም የለም።

«አልፈሃል» አለችው። «ምን አደረግህ?»

ሥጋ ሻጩ እንባው እየወረደ ወደ ማዶ ጠቆመ። «የእሳቸው ተክል ነው።»

ተቆጣጣሪዋ ዞር ስትል ዝንቡን አየች። መንገዱን ስትሻገር አፍንጫዋን በመሐረብ ይዛ ነበር። «ይሄ የእርስዎ ነው?»

ጋሽ እጥፍ ሰፈሩን አየ፤ ሰፈሩም እሱን። «ተክሌ አንድም ዝንብ አልበላም» አለ። «የጥፍሬን ያህል እንኳ አላደገም። ለዚህ ልጅ የነገርኩት ሁሉ ውሸት ነው፤ ዝንቡን የጠራው የበሰበሰው ሥጋ ነው።»

«ትሕትና» አለ የፋርማሲው ሰውዬ፣ ለጎረቤቱ።

«የእኔን ዝንብ በራሳቸው ላይ ተሸከሙ» አለ ሥጋ ሻጩ። ጋሽ እጥፍን አቅፎ ከመሬት አነሳው።

«ልጄ፣ አውርደኝ። እውነቴን ነው።»

«አውቃለሁ ጋሼ፣ አውቃለሁ» አለ፤ አላወረደውም።

ተቆጣጣሪዋ ፀጉር ቤቱን አሸገችው፤ ታጥቦ፣ ተቀብቶ፣ እስክትመለስ ድረስ። ጋሽ እጥፍ ሳሕኑን ይዞ ቤቱ ጓሮ ተቀመጠ። ችግኞቹ በመረቅ ተቃጥለው ጠቁረዋል። አንድ በአንድ በምላጭ ጫፍ እየገለበጠ ሲያያቸው፣ ጠርዙ ላይ አንዲት አረንጓዴ፣ አፏን ከፍታ፣ ቆማ አገኘ።

የግቢው በር ተንኳኳ። ግማሽ ሰፈር ነው፤ ከኋላ ሥጋ ሻጩ በላስቲክ የተቋጠረ ነገር ይዟል። «እንዴት ናቸው? የተረፈ አለ?»

ጋሽ እጥፍ መዳፉን ጠርዙ ላይ አሳረፈ።

«ምንም» አለ። «አንድም አልተረፈም።»

አማቱ ከጀርባው በኩል ጎንበስ ብለው መዳፉን አዩ፤ እሱንም አዩት። ከዚያ በሩን ሄደው ዘጉ።