እናቴ በዋጋ ክርክር የተሸነፈችበት ቅዳሜ

እናቴ ዓይኗን ጨፍና ጨርቅ ትለያለች። እያጋነንኩ አይደለም፤ ስንት ጊዜ ፈትኛታለሁ። ቶሮንቶ፣ ክሬሰንት ታውን፣ አስራ አራተኛ ፎቅ ቤታችን ውስጥ፣ ሶፋው ላይ አስቀምጫት፣ ከቁም ሳጥኑ ያገኘሁትን ሁሉ እያመጣሁ እጇ ላይ አኖራለሁ። እሷ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሃል አሸት ታደርገውና፣ "ይሄ ፖፕሊን ነው። ይሄ ናይለን ገብቶበታል። ይሄ ደግሞ የኔው የሥራ ሸሚዝ ነው፣ ሂጂ ከወሰድሽበት መልሺ!" ትላለች። አንድ ቀን እንኳ ስታ አታውቅም። እዚህ መጥታ ሆቴል ላውንደሪ ውስጥ አንሶላ ከማጠፏ በፊት መርካቶ ጨርቅ ተራ አስራ አንድ ዓመት ሸጣለች። "ዓይን ይጎመጃል፤ ጣት ግን አይጎመጅም። ጨርቅ በዓይንሽ ከገዛሽ ከሰርሽ" ትለኛለች።

ሌላው ከጨርቅ ተራ ይዛው የመጣችው ነገር የዋጋ ክርክር ነው። ሱፐርማርኬት ውስጥ "ከማሽን ጋር ምን ያከራክረኛል" ብላ ዝም ብላ ትከፍላለች። ሰው በአፉ የጠራው ዋጋ ግን ለእሷ ዋጋ አይደለም፤ የጨዋታ መጀመሪያ ነው። ችግሩ ቶሮንቶ ውስጥ በአፉ ዋጋ የሚጠራ ሰው የለም። ሁሉም ነገር ላይ ወረቀት ተለጥፏል። አራት ዓመት ሙሉ እናቴ የምትከራከረው ሰው አጥታ ኖረች።

ከዚያ ፀጉር ቤቱን አገኘን።

የዛሬ ሁለት ዓመት ነው፣ አስራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ለገና ፀጉሬን በቢጉዲን ልታሠራኝ ቃል ገብታልኝ ዳንፎርዝ መንገድ ላይ ያለች አንዲት ጠባብ ፀጉር ቤት ገባን። ግድግዳው ላይ ነጫጭ የፕላስቲክ ፊደላት የተሰኩበት ጥቁር ቦርድ አለ፤ ማጠብ፣ በቢጉዲን መጠቅለልና ካስክ፣ ሃያ ዶላር ይላል። የፀጉር ቤቷ ባለቤት መነጽሯን በሰንሰለት አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ነጭ ሴትዮ ናት። ቀና ብላ ፊቴን አየችና "ለእሷ አርባ" አለች።

"ቦርዱ ሃያ ነው የሚለው" አልኩ፣ ድምፄ ተሰማ አልተሰማም።

"እሱ ለኖርማል ፀጉር ነው፣ የኔ ቆንጆ። የእናንተ ሌላ ነው። ጊዜ ይፈጃል።"

ፀጉሬን አልነካችውም። ምኑን ትነካዋለች? የሱፍ ኮፍያዬን ገና አላወለቅኩም ነበር።

እናቴ እንግሊዝኛው ስለማይበቃት አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ። እያፈርኩ "አርባ ነው የምትለው፣ የኛ ፀጉር ሥራ ያበዛል ብላ" አልኳት። ትከፋለች ብዬ ነበር። እናቴ ግን ፊቷ በራ!

"አርባ ጠራች? እሰይ! ሥራው ይከብዳል አለች? ነጋዴ ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው። በያት፦ እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ፣ ግን ዋጋሽ ከእጅሽ ቀድሞ ሮጧል። ደንበኛ ልሆንሽ ነው የመጣሁት፤ ልትገፊኝ ነው? በያት።"

እኔ በእንግሊዝኛ ያልኩት "እናቴ ይቅርታ ትጠይቃለች፣ ትንሽ መቀነስ ይቻል ይሆን?" ነው።

"ሠላሳ ስምንት።"

እናቴ መዳፏን ደረቷ ላይ አድርጋ "ወይኔ ጉዴ!" አለች። ያንን ጭራሽ አልተረጎምኩትም። ከዚያ እጄን ይዛ ወደ በሩ መራመድ ጀመረች፤ ግን እንዴት ያለ አረማመድ! በአንዱና በሌላው እርምጃ መሃል ሰው ሻይ ጠጥቶ ይጨርሳል። "ወደኋላ እንዳታዪ" አለችኝ በሹክሹክታ፣ "አሁን ትጠራናለች።" እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እጇ የበሩን እጀታ ሲነካ ከኋላችን "እሺ፣ እሺ! ሠላሳ ሁለት!" የሚል ድምፅ መጣ።

እንዴት አወቀች? እስቲ ንገሩኝ፣ እንዴት አወቀች?

እኔ ካስክ ውስጥ ስገባ እናቴ አጠገቤ እግሯን አነባብራ ተቀመጠች፤ ፀጉር ቤቱ የእሷ ይመስል ነበር። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ወሬው ይኸው ሆነ። "አርባ ጠርታ በሠላሳ ሁለት ጣልኳት!" ትላለች፣ አረማመዷን ጭምር እያሳየች። ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ለካ አንዳንዶቹ እዚያው ቤት አርባውን ከፍለው የወጡ ነበሩ። "ምነው ቀደም ብለን ባወቅንሽ! እኛንም ውሰጂና አስቀንሺልን" አሏት። ላውንደሪው ውስጥ ቀኑን ሙሉ ከማሽኑ በቀር የሚያናግራት የለም፤ እሁድ እሁድ ግን "እሷን ያዙ፣ እሷ ታስቀንስላችኋለች" የምትባል ሴት ሆነች። አንገቷ ራሱ ረዘም ያለ መሰለኝ።

ከዚያ ወዲያ እኔም እሷም በሠላሳ ሁለት እየተሠራን በየወሩ ፀጉር ቤቷ ተመላለስን። ነገሩ የተበላሸው በሰሞነ ሕማማት ረቡዕ ነው። ክፍል ውስጥ ከፊቴ የምትቀመጥ ግሪካዊት ጓደኛ አለችኝ። ፋሲካቸውና ፋሲካችን አንድ ቀን ነው የሚውለው፤ ያን ዓመት ሌላው ልጅ ሁሉ ቸኮሌቱን በልቶ ከጨረሰ በኋላ እኔና እሷ ብቻ ገና ጾም ላይ ነን። ፀጉሯ ቁርጥ የኔን ነው። እንዲያውም ከኔ ይብሳል፤ እርሳስ ከሰካችበት እስከ ምሳ ሰዓት አይወድቅም። ተተኪ አስተማሪ ከኋላ ሲያየን አንዳችንን በሌላችን ስም ይጠራናል።

"ቅዳሜ ፀጉሬን ልሠራ ነው" አለችኝ፤ የት እንደሆነ ስትነግረኝ ያቺው ቤት ናት። "እናቴ ሃያ ዶላር ሰጠችኝ።"

"ሃያ ብቻ?"

"ሃያ ነዋ። ቦርዱ ላይ አለ እኮ።"

ያኔ ኮፍያዬ ትዝ አለኝ። ሴትዮዋ "ሌላ ነው" ያለችው ያላየችውን ፀጉር ነው።

ሁለት ቀን ሙሉ ለራሴ ያዝኩት። ለእናቴ ብነግራት ያ ረዘም ያለው አንገቷ ምን ይሆናል? ባልነግራት ደግሞ ቅዳሜ ሁለት ሴቶች ይዛ ልታስቀንስላቸው እዚያው ልትሄድ ነው። አርብ፣ የስቅለት ዕለት፣ ከስግደት ተመልሳ ሶፋው ላይ እግሯን ዘርግታ ጉልበቷን ስታሽ አጠገቧ ቁጭ አልኩና ነገርኳት።

"ሃያ?" አለች። "ተከራክራ?"

"ሳትከራከር።"

"ፀጉሯስ?"

"የኔው ነው፣ እማዬ። ከኔም ይብሳል።"

ጉልበቷን ማሸት አቆመች። "ታዲያ እኔ ይህን ሁሉ ጊዜ የተከራከርኩት ከምን ጋር ነው?"

እጇን ወደ ጉንጯ ወስዳ "ዋጋው የተለጠፈው ፊታችን ላይ ነዋ" አለች፣ ለራሷ። ከዚያ ድንገት ዞረች። "ለመሆኑ እኔ ስናገር አንቺ ምንድነው የምትያት?"

አመንኩ። ይቅርታውንም፣ "ትንሽ"ንም፣ "ይቻል ይሆን"ንም፣ ሁሉንም አወጣሁት። ትቆጣለች ስል ሳቀች፤ ጉልበቷን እያመማት ሳቀች። "እኔ አንበሳ እልካለሁ፣ አንቺ ድመት አድርገሽ ታደርሻለሽ? ነገ አንዲት ቃል እንዳትጥዪ። እንደወረደ! በይ አሁን ያቺን ጓደኛሽን ኮል አድርጊያትና ስንት ሰዓት እንደምትሄድ ጠይቂልኝ።"

ቅዳሜ ስንደርስ ጓደኛዬ ተቀምጣ ትጠብቀናለች፣ ምን ሊሆን እንደሆነ ስለነገርኳት ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ይዛ። እናቴ ያመጣቻቸው ሁለቱ ሴቶች፣ አንዷ ጎረቤታችን፣ ሌላዋ ሁሉም እማማ የሚሏቸው አሮጊት፣ በሩ አጠገብ ቆሙ። ባለቤቷ በፈገግታ "ለአንቺ እንደ ሁልጊዜው ሠላሳ ሁለት። ለአዲሶቹ አርባ" አለች።

እናቴ "ወይኔ ጉዴ" አላለችም። ኮቷን አውልቃ አስያዘችኝና መናገር ጀመረች። እኔም ተከተልኳት፣ እንደወረደ።

"እህቴ፣ እኔ ጨርቅ ሻጭ ነበርኩ። ዓይን ያታልላል፣ ጣት አያታልልም። አንቺም የጣት ባለሙያ ነሽ። የእነዚህን ሁለት ልጆች ፀጉር አርጥቢ። ከዚያ ዓይንሽን በፎጣ ሸፍነሽ፣ ያንን ጊዜ የሚፈጀውን የልጄን ፀጉር በጣትሽ ለዪልኝ። ከለየሽው ለአራታችንም አርባ አርባ እከፍላለሁ፤ ትንፍሽ አልልም።"

አራት ጊዜ አርባ! ስንት ቀን አንሶላ እንደሚያሳጥፋት አውቃለሁ። ግን የገረመኝ እሱ አይደለም። የገረመኝ ድምፄ ነው። ቃሎቿ በአፌ ሲያልፉ አልተንቀጠቀጠም። ለካ እናቴ እንዲህ ነበር የምትናገረው! ለካ ይህን ሁሉ ስጥል ኖሬያለሁ! ካስክ ውስጥ የነበሩ አንዲት ነጭ አሮጊት ለመስማት አንገታቸውን ከካስኩ አወጡ።

ባለቤቷ ሳቀች። "ሠላሳ ዓመት የሠራሁበት እጅ እኮ ነው! በእንቅልፌም እለየዋለሁ።"

ራሳችንን አረጠበች፤ ፎጣውን ዓይኗ ላይ ጎረቤታችን አሰረችላት። እማማ ከበሩ "እያየች እንዳይሆን፣ ጠበቅ አድርጊው እንጂ!" አሉ። እኔና ጓደኛዬ በጣታችን ጫፍ እየሄድን ወንበር ተቀያየርን።

እጇ መጣ። ሞቃት ነበር። ገረመኝ፣ ያን ያህል ጊዜ ፀጉሬን ስትሠራኝ ሙቀቱን ልብ አላልኩትም። ጣቶቿ ፀጉሬ ውስጥ ገቡ፣ ወደ ጓደኛዬ ሄዱ፣ ተመለሱ፣ እንደገና ሄዱ። በመስታወቱ ውስጥ እናቴን አየኋት። ዓይኗን ጨፍናለች። እሷም አብራ የምትዳስስ ይመስል አውራ ጣቷ በሌባ ጣቷ ላይ ቀስ ብሎ ይንቀሳቀሳል። ብታውቀኝስ? እነዚህ ሴቶች ፊት ብታውቀኝስ?

"ይሄ ነው" አለች ባለቤቷ፣ በሙሉ ልብ። "ይሄ የልጅሽ ነው።"

የጓደኛዬን ፀጉር ነበር የያዘችው።

"እኔ ነኝ!" አለች ጓደኛዬ፤ ያፈነችው ሳቅ አመለጣት። ባለቤቷ ፎጣውን አወረደች። መጀመሪያ እኛን አየች፣ ቀጥሎ ብዙ ጊዜ እጆቿን አየች፣ የሌላ ሰው እጅ እንዳየች ሁሉ። ከጓደኛዬ በቀር የሳቀ የለም። ውሃው ከፀጉራችን ወለሉ ላይ ጠብ ጠብ ይላል።

"ሃያ" አለች በመጨረሻ ቀስ ብላ። "ሃያ ሃያ ይሁን።"

እልል ልል ነበር። እናቴ ግን ጎኔን ጎሰም አደረገችኝ። "አስራ ስምንት በያት።"

"እማዬ!"

"እንደወረደ አላልኩሽም? ሦስት ደንበኛ ይዤላት መጥቼ? አስራ ስምንት በያት!"

አልኳት። ባለቤቷ ትዕግስቷ አለቀ፤ ክንዷን ዘርግታ ወደ ግድግዳው አመለከተች። "አይቀንስም! ዋጋው ቦርዱ ላይ ተጽፏል! ለሁሉም ሰው አንድ ነው!"

"ምን አለች?" አለች እናቴ። እንግሊዝኛው ባይበቃትም ያንን እንደሰማችው አውቃለሁ።

"አይቀንስም አለች። ለሁሉም ሰው አንድ ነው አለች።"

"ድገሚልኝ፤ ጮክ ብለሽ።"

ደገምኩላት። እናቴ ወደ በሩ ዞረች። "ሰማችሁ?"

"ሰማን፣ ልጄ" አሉ እማማ።

እናቴ ሌላ ዋጋ አልጠራችም። ወደ በሩም አልተራመደችም። ሄዳ ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና ራሷን ወደ ማጠቢያው ዘንበል አደረገች። እኔ ኮቷን ታቅፌ ቆሜ ቀረሁ፤ ለመሸነፍ ብላ የገባችበትን ክርክር ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

በማግስቱ፣ በፋሲካ፣ ነጭ በነጭ በለበሱት ሴቶች መሃል አንዷ ከሩቅ "እህሳ! ትናንት ስንት አስቀነስሽ?" ብላ ጮኸችባት።

እናቴ ቢጉዲን የሠራውን ፀጉሯን ነካ አድርጋ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ግቢው ሁሉ እስኪሰማ፣

"ምንም!" አለች። "እንቢ አለችኝ!"