ምስጥ ያልነካው ችካል

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ከባቢሌ ማዶ፣ ኤረር ሸለቆ ደርሼ ከላንድሮቨር ስወርድ... ችካሎቼ የሉም። ቅዳሜ ዕለት ላቤ ጠብ እስኪል ተክያቸው የሄድኩት! ወንዙ ዳር ጥቂት ቆመዋል። የቀሩት ግማሾቹ ተነቅለው ተጋድመዋል፣ ግማሾቹ ደብዛቸው የለም።

ጊዜው የደርግ ነው። እኔ ከጎጃም ተመድቤ ሐረር የገባሁ ወጣት ቀያሽ ነኝ። ሸለቆው የዝሆኖች መጠለያ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣው ዕቅድ ግን እዚያ ላይ የመንግሥት እርሻ ይከፈታል፣ ወንዙም ተገድቦ መብራት ያመነጫል ይላል። ዝሆኖቹ የት ይሂዱ የሚለው ዕቅዱ ውስጥ የለም። እኔም አልጠየቅኩም... እውነቱን ለመናገር ያኔ ከዝሆኖቹ ይልቅ የሚያሳስበኝ የደረጃ ዕድገቴ ነበር።

የጠየቁት አው ዩሱፍ ብቻ ናቸው። ሐረር ላይ ትልቅ ሰው «አው» እየተባለ ነው የሚከበረው። የመጠለያው ዘበኛ ናቸው፣ ቤታቸው ከሐረር አጠገብ ካለው ተራራ፣ ሐኪም ጋራ ላይ ነው። በየስብሰባው እጃቸውን ያወጣሉ፤ ቦታው ዝሆኖቹ ውሃ የሚወርዱበት መንገድ ነው፣ ተዉላቸው ይላሉ። በየስብሰባው «አስተያየትዎ ተመዝግቧል» ይባላሉ። በሦስተኛው ስብሰባ ዝም አሉ። እኔ ሞኙ ተስፋ ቆረጡ ብዬ አዘንኩላቸው።

ከዚያማ ጭራሽ አጋዣችን ሆኑ። ችካል ተቆርጦ ሲያልቅ ቤታቸው ጠርተውኝ ቁጢ አቀረቡልኝ። ቁጢ የቡና ቅጠል ተፈልቶ በጨው የሚጠጣ ነው። እኔ ጨዉን ገና አልለመድኩትም፣ ፊቴን ሳጨማድድ ይስቁብኛል።

«ወላሂ፣ ጨው የማይወድ ፍጡር አላህ አልፈጠረም» አሉኝ።

ቀጥለው ምስጡን አነሱ። የዚያ አገር ምስጥ ችካሌን በሳምንት ውስጥ ዱቄት እንደሚያደርገው፣ በጨው ውሃ ከተዘፈዘፈ ግን ዝር እንደማይልበት አስረዱኝ። ደስ አለኝ። ደስ ብሎኝ ብቻ ብቀር ጥሩ ነበር... «ምስጥን ለመከላከል የተወሰደ ቴክኒካዊ እርምጃ» ብዬ በፊርማዬ ለቢሮ ጻፍኩ። ችካሎቹ እሳቸው ግቢ ውስጥ በበርሜል ሦስት ቀን ተዘፈዘፉ።

እንግዲህ እነዚያ ናቸው ማክሰኞ ተነቅለው ያገኘኋቸው። ሐረር ተመልሼ ሳመለክት የፕሮጀክቱ ኃላፊ፣ ጓድ ነበር የምንለው፣ ነገሩን ወዲያው «የፀረ አብዮተኞች አሻጥር» ብሎ ሰየመው። ሳይውል ሳያድር ለአዲስ አበባም አስታወቀ። ከሰዓት በኋላ ስብሰባ ተጠራ... ሁሉም ዓይኑን አው ዩሱፍ ላይ ጣለ። ሲቃወሙ የከረሙት እሳቸው ናቸዋ። በዚያ ዘመን አሻጥረኛ የተባለ ሰው ወዴት እንደሚወሰድ ሁላችንም እናውቃለን። ፈራሁላቸው።

እሳቸው ግን ረጋ ብለው ተነሱና የነቀሉትን አውቃለሁ አሉ።

«እነማን ናቸው?» አለ ጓዱ።

«አንድ ቤተሰብ ናቸው። የምትመራቸው አሮጊት ናት። ነገ ጎህ ሲቀድ ይመጣሉ፣ ኢንሻአላህ።»

ጓዱ «በአንዲት አሮጊት የሚመራ ቡድን» ተብሎ በቃለ ጉባኤ እንዲያዝ አዘዘ። ጸሐፊው እኔ ነኝ፣ በገዛ እጄ ጻፍኩት።

በነጋታው ጎህ ሲቀድ፣ ወንዙ ዳር ከቀሩት ችካሎች ፊት ለፊት ቁጥቋጦ ውስጥ አድፍጠናል። ጓዱ፣ ሦስት ወታደሮች፣ እኔና አው ዩሱፍ። ወታደሮቹ ጠመንጃቸውን አቀባብለዋል።

ቡድኑ መጣ። ከፊት ጆሮዋ የተተለተለ አሮጊት ዝሆን፣ ከኋላዋ ሴቶቹና ግልገሎቹ። አሮጊቷ ኩምቢዋን ችካሉ ላይ ጠምጥማ መዠረጠችው... ከዚያ አፏ ውስጥ ከትታ መምጠጥ! ግልገሉም ሌላ ነቅሎ ከረሜላ እንደሰጡት ልጅ ይዞ ዞረ። መጀመሪያ የሳቀው አንዱ ወታደር ነው።

ጓዱ አልሳቀም። ዝሆኖቹ ውሃቸውን ጠጥተው ሲሄዱ አንድ ችካል አነሳ፣ ላዩ ላይ የደረቀውን ነጭ ነገር አየና ምላሱን አስነካው።

«ይሄ ጨው ነው?» አለ እኔን እያየ።

ያኔ ሁሉም ነገር ገባኝ። ቁጢው፣ ምስጡ፣ በሦስተኛው ስብሰባ ዝም ማለታቸው። አው ዩሱፍ መሬት መሬቱን እያዩ ሙስበሃቸውን፣ የጸሎት መቁጠሪያቸውን፣ ይቆጥራሉ። «የእሳቸው ምክር ነው» ብል እኔ ነፃ ነኝ፣ እሳቸው አለቀላቸው።

«ጨው ነው ጓድ። የምስጥ መከላከያ ነው። የኔ ሐሳብ ነው፣ ፊርማዬም አለበት» አልኩ።

ጓዱ ችካሉን እንደያዘ ላንድሮቨሩ ውስጥ ገባ። አሁን ሳስበው ያሳዝነኛል። «ፀረ አብዮተኞች» ብሎ ለበላይ አስታውቋል፣ ዝሆን ደግሞ አይታሰርም። ቢሮ ስንደርስ ቃለ ጉባኤውን እንዲህ ብሎ አስጻፈኝ። ቡድኑ ሸሽቷል። ቦታውም ምስጥ እጅግ የበዛበት በመሆኑ ጥናቱ ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፍ። የሚቀጥለው ዓመት ለሚቀጥለው አስተላለፈው፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ደርግ ራሱ አለፈ።

ለእኔ ማስጠንቀቂያ ተጻፈልኝ፣ ዕድገቴም ቀረ። ተናደድኩ... ትንሽ። ያቺ አሮጊት ዝሆን ወንዙ ውስጥ ገብታ ስትጠጣ ትዝ ስትለኝ ግን ንዴቱ ይበርድልኛል።

ከረጅም ጊዜ በኋላ ሐኪም ጋራ ሄጄ አው ዩሱፍን ፊት ለፊት ጠየቅኳቸው። ጨዉ እውነት ለምስጥ ነበር ወይ አልኩ። ቁጢ ቀዱልኝ፣ ጨው ጨመሩበት፣ ጠጣሁ። ፊቴን አላጨማደድኩም።

«ምስጥ ነካቸው እንዴ?» አሉኝ።

«ኧረ አልነካቸውም።»

«ታዲያ ምን ትጠይቀኛለህ?»

ሰው ሥራህ ምን ነበር ሲለኝ ዛሬም «ቀያሽ» ነው የምለው። ለዝሆኖች ቁርስ ሳመላልስ እንደነበር የነገርኳችሁ ለእናንተ ብቻ ነው።