ሎርዱን አንካሳ ያደረግሁት እኔ ነኝ

ይህን ከአንድ ሰው በቀር ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ለንስሐ አባቴም ቢሆን። ዛሬ ለእናንተ ለአድማጮቼ ልናገረው ነው። ብቻ አደራ፣ እንዳታዝኑልኝ።

ከዓመታት በፊት እዚህ ባሕር ማዶ፣ ሲዋርድ በሚባለው ሰፈራችን ካለች ጠባብ ስቱዲዮ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በአማርኛ ሬዲዮ የታላላቅ ሰዎችን ሕይወት እተርክ ነበር። ድምፅህ ያምራል ይሉኛል፤ እኔም አምን ነበር። አንድ ሰሞን በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን የኖረ የአንድ እንግሊዛዊ ሎርድ ታሪክ ያዝኩ። ስሙን አላነሳም፤ እስካሁን ያጠፋሁት ይበቃዋል። ርስትና ማዕረግ ወርሶ፣ በአጎቱ ግፊት በወጣትነቱ ፓርላማ የገባ፣ ፈረስና ቁማር የሚወድ፣ ኋላም ሚኒስትር የሆነ ሰው ነው። በስተርጅናው ግን ንጉሡ የፈለገውን ጦርነት ብቻውን ቆሞ ተቃወመ። ሥልጣኑን አጣ፣ ወዳጆቹ ሸሹት፤ ገጠር ገብቶ ዛፍ ሲተክል ሞተ።

እኔ ይህን መጨረሻ ቆርጬ ጣልኩት። በምትኩ ጓደኞቹን እየጠቆመ ያሳሰረ ሰው አደረግሁት። በአንድ እግሩ አንካሳ አደረግሁት፤ ከዘራም አስያዝኩት። ለምን? የእድራችን ሰብሳቢ ጋሽ በላቸው በከዘራ ስለሚሄዱ ነው። በደርግ ጊዜ ታስረው፣ እግራቸው የተጎዳው እዚያው እስር ቤት ነው፤ ስለዚያ ዘመን ግን አያወሩም። እኔ ደግሞ ቦታቸውን እፈልግ ነበር። የእኛን ሰው አውቀዋለሁ፤ የሩቅ አገር ታሪክ ሲሰማ እንኳ “ይሄ ነገር ለማን ነው?” እያለ ነው የሚያዳምጠው። ስም መጥራት አላስፈለገኝም። የታሰረውን ሰው አሳሪ ያደረግሁት እኔ ነኝ፣ በዚሁ አፌ። ምን ዓይነት ሰው ነው እንዲህ የሚያደርገው?

ወደ ቤት ስመለስ ባለቤቴ ደወለች።

“ጋሽ በላቸውን ነው አይደል? ለካ እንደዚያ ናቸው” አለችኝ።

ስለ እንግሊዝ ነው ያወራሁት አልኳት፤ እየሳቅሁ። በዚያ ሳቄ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

ከዚያ ወዲያ በየለቅሶው ከጋሽ በላቸው አጠገብ የሚቀመጥ ጠፋ። ሰላምታው ከሩቅ ሆነ። ለምን እንደሆነ የነገራቸው የለም። ነገሩ ሲመርራቸው እድሩን ለቀቁ፤ ሰብሳቢ ሆኜ የተመረጥኩት እኔ ነበርኩ። ደስ ብሎኝም ነበር፤ ይህንንም አልደብቅም።

ዘንድሮ ሬዲዮው የድሮ ትረካዎቼን እንደገና ሊያስተላልፍ መሆኑን ሰማሁ። ውሸቴ በገዛ ድምፄ ሊደገም ነው ማለት ነው። በማግስቱ ከከተማው ወጣ ብሎ አፕል ቫሊ ወዳለው የጋሽ በላቸው ቤት ሄድኩ። ግባ ልጄ ቢሉኝም አልገባሁም፤ በር ላይ እንደቆምኩ ሁሉንም ተናገርኩ።

በረጅሙ ተነፈሱ።

“ይሄ ነው? እኔ እኮ ምን በድያቸው ነው እያልኩ ስንት ዓመት ራሴን ስመረምር ኖርኩ። የማንን ለቅሶ ሳልደርስ ቀርቼ ይሆን እል ነበር” አሉ።

ይቆጡኛል ብዬ ነበር የሄድኩት። እሳቸው ግን ፊታቸው ፈታ አለ፤ ቀለላቸው። እኔም ደረቴ ላይ የኖረው ነገር ሲለቀኝ ተሰማኝ፤ ይህ እፎይታ ይገባኛል ወይ ብዬ አፈርኩ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል ትከሻዬን ያዙኝ።

“ቆይ። መጀመሪያ የእንግሊዙን ሰውዬ እግር መልስለት። ከዘራው የኔ ነው” አሉኝ።

ይኸው መለስኩ። ሎርዱ በሁለት እግሩ ቆሞ ንጉሡን ተቃወመ፤ ማንንም አላሳሰረም። ጋሽ በላቸውም ማንንም አላሳሰሩም። የታሰሩት እሳቸው ናቸው፤ ለሁለተኛ ጊዜ ያሰርኳቸው ደግሞ እኔ ነኝ። ቅናት ነው፣ ወጣትነት ነው ብዬ አላመካኝም። ሰብሳቢነቱንም አስረክቤያለሁ። ከእናንተ ለራሴ የምለምነው ይቅርታ የለም። በሚቀጥለው ለቅሶ ግን ከጋሽ በላቸው አጠገብ ያለውን ወንበር ባዶ አትተዉት፤ እኔ ቀድሜያችሁ ካልተቀመጥኩበት።