ለእማማ ተብሎ የተጨመረ ዘይት

መኪናዋን የገዛናት ሦስት ሆነን ነው። እኔ የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ፤ ሥራ ይዞኝ ወላይታ ሶዶ መጥቼ ልጆቼ እዚሁ አድገው ወጥተዋል። ሁለተኛው ከቤቴ ፊት ለፊት የሚኖር የቆዳና የጫማ ነጋዴ ነው። አያቱ ከጉራጌ አገር መጥተው ሱቅ ከፈቱ፣ እሱ ደግሞ እዚያው ሱቅ ውስጥ ሽበት አወጣ። ሦስተኛዋ ከአጥሬ ጎን የተከራየች ነርስ ናት፤ አገሯ ከሶዶ ወጣ ብሎ ሃላሌ ነው። ለብቻችን የማንሞክራት መኪና ለሦስት ስንሆን ተቻለች። ነጋዴው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እያለ ሱቁ ለገባ ሰው ሁሉ ያወራ ነበር።

ስንገዛ ያጨቃጨቀን የነዳጁ ነገር ነው። ነጋዴው ናፍጣ ትሁን አለ። ወደ አረካና ወደ ሻንቶ ገበያ ዕቃ ጭኖ ይሄዳል፤ ናፍጣ ጉልበት አለው፣ ሩቅም ያስኬዳል። እውነቱን ነው። ቤንዚን ማደያ ገባ ከተባለ የከተማው ባጃጅና ሞተር ሳይክል በሙሉ ይሰለፋል። ሲጠፋ ደግሞ መንገድ ዳር በውሃ ፕላስቲክ ይሸጣል፤ ምን እንደተቀላቀለበት የሚያውቀው ሻጩ ብቻ ነው። እኔም ወደ ናፍጣው ሳዘነብል ነርሷ እናቷን አነሳች።

እናቷ የልብ ሕመምተኛ ናቸው። እግራቸው ያብጣል፤ በየወሩ ሶዶ መጥተው ሐኪም ካላያቸው መድኃኒታቸው አይስተካከልም። ሚኒባስ ውስጥ ጉልበታቸውን አጥፈው መቀመጥ አይችሉም። የናፍጣ ሽታና መንቀጥቀጥ ደግሞ ገና ከሃላሌ ሳይወጡ ያስመልሳቸዋል። ነርሷ ገንዘቧን የምታዋጣው ለሳቸው እንደሆነ ሳትሸፋፍን ነገረችን። ስለዚህ ቤንዚን ሆነ፤ የፊት ወንበሯ በደንብ ወደ ኋላ የሚሸሽ አንዲት አሮጌ ነጭ መኪና ተገኘች። ነጋዴው ሲያጉረመርም ዋለ፤ ውሉን ግን ቀድሞ የፈረመው እሱ ነው።

እማማ ግን፣ ሁላችንም እንዲህ ነው የምንላቸው፣ መኪና ስለመጣላቸው አልተደሰቱም። ሆስፒታል መመላለስ ሰልችቷቸዋል፤ ለመቅረት ሰበብ ይፈልጋሉ። አንድ ጊዜ ጎማ ተንፍሶብን መንገድ ላይ ቆየን። በማግስቱ ነርሷ መጣችና «ጋሼ፣ እናቴ ቆርጧል» አለችኝ። «ይሄ መኪና ሌላ ቀን መንገድ ላይ ካቆመኝ ሁለተኛ አልመጣም፣ ቤቴ ነው ምሞተው ብሏል።» አማርኛዋ ወንድና ሴት አንዳንዴ አይለይም፣ እሱን ለምጄዋለሁ። የዚያን ቀን ፊቷን ግን አልለመድኩትም። እናቷ አንዴ ካሉ አሉ ነው፤ መድኃኒቱ ያለ ሐኪም ቢቀጥል ምን እንደሚያመጣ ደግሞ ከማናችንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት።

ከዚያ ወዲህ መኪናዋን የምንንከባከባት ለመኪናነቷ መሆኑ ቀረ። ቀጠሮው ሲቃረብ ጋራዥ ትገባለች፤ ዘይትና ፊልትሮ ይቀየራል፣ ካንዴላው ይጸዳል፣ የፍሬን ዘይቱና የራዲያተሩ ውሃ ይታያል። እኔ በተፈጥሮዬ ሰው የሠራውን የማላምን ሰው ነኝ፤ በር ተቆልፎም ገፋ አድርጌ ካላየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። ባለቤቴ በዚህ ስትስቅብኝ ኖራለች። በዚያ ወርም መኪናዋ ከጋራዥ በወጣች ማግስት፣ ገና ወፍ ሲንጫጫ ተነስቼ ኮፈኖውን ከፈትኩ። የዘይት መለኪያውን ዘንግ ስቤ ጠረግሁ፣ መለስኩ፣ እንደገና ሳብኩ። አዲስ ዘይት የጠራ ስለሆነ በዚያ ደብዛዛ ብርሃን ዘንጉ ላይ ምንም አልታየኝም። ደረቅ መሰለኝና ጨመርኩ። ለነርሷ አልነገርኳትም፤ በኛ ሰፈር ለሰው ያደረጉትን ማውራት ውለታ መቁጠር ነው።

ነርሷ መንጃ ፈቃድ ገና ያወጣች ስለሆነች የሃላሌን መንገድ የምነዳው እኔ ነኝ። በዚያው ጠዋት ዳገቱን ስንጀምር በመስታወቱ ሰማያዊ ጭስ አየሁ። ወዲያው ነዳጁን ጠረጠርኩ። በዚያ ሳምንት ማደያዎቹ ባዶ ስለነበሩ ነጋዴው ከመንገድ ዳር ላምባ የተቀላቀለበት ቤንዚን ገዝቶ ሞልቶብን ይሆናል ብዬ፣ ሃላሌ እስክንደርስ በሆዴ ሳብጠለጥለው ሄድኩ። አፍ አውጥቼ ግን አልተናገርኩም። ነርሷ ጭሱን አላየችም፣ እኔም እንድታይ አልፈለግሁም።

እማማ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ የተቀቀለ ጎዳሬ ይዘው ጠበቁን። በአገሩ ሰላምታ «ሳሮ» ተባብለን፣ ልጃቸው ደግፋ የፊት ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው፤ እግራቸውን ዘረጉ። ስንመለስ የመጀመሪያውን አቀበት ወጣን። ሁለተኛው ላይ ጭሱ መንገዱን ሸፈነው፤ የዘይቷ ቀይ መብራት ብልጭ ጥፍት አለች። ዳር ይዤ ሞተሩን አጠፋሁ። እማማ ወደ ፊት እያዩ በወላይትኛ አንዲት አጭር ነገር ተናገሩ። ልጃቸው አልተረጎመችልኝም፤ ማስተርጎምም አላስፈለገኝም።

እኔን ያስፈራኝ የመኪናዋ መበላሸት ሳይሆን የሚቀጥለው ወር ነው። ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቄ ዘንጉን ሳብኩ። በጠራራ ፀሐይ ዘይቱ ቁልጭ ብሎ ታየ፤ የላይኛውን ምልክት አልፎ ዘንጉን እስከ ወገቡ አልብሶታል። ዘይት ሲበዛ ሞተሩ ይመታውና አረፋ ያደርገዋል፤ አረፋ ደግሞ ብረት አያለሰልስም። እኔ የጨመርኩት ብቻውን ይህን ያህል አይሞላም። ስልኬን አውጥቼ ለነጋዴው ደወልኩለት፣ ነርሷም እንድትሰማ ድምፁን ከፈትኩት።

«ዘይቷን ነካክተሃል እንዴ?»

«ምን መነካካት ነው? ከጋራዥ አምጥቼ ሱቄ በር ላይ እንዳጠፋኋት ባያት ጎደሎ ናት። ሞላኋት። መቼም ጋራዦቹን ታውቃቸዋለህ።»

«ሞተሩን እንዳጠፋህ ዘይቱ መች ወርዶ ያልቃል! ትንሽ አትጠብቅም?»

«ሱቅ ውስጥ ሰው ቆሞብኝ ነበራ» አለ፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እማማን መንገድ ላይ እንዳታቆማቸው ብዬ ነው።»

ነርሷ መሬት መሬት እያየች «ጋሼ፣ እኔም ጨምሬያለሁ» አለች። መኪናዋ ያደረችው እሷ በር ላይ ነው፤ በሯ ደግሞ አቀበት ነው። አፍንጫዋን ወደ ላይ አድርጋ የቆመች መኪና ዘይቷ ወደ ኋላ ስለሚያዘነብል ዘንጉ ለሷም ጎደሎ አሳይቷታል። የቀረሁት እኔ ነኝ፤ «እኔም» አልኩ። ነጋዴው በረጅሙ ተነፈሰና «ማርም ሲበዛ ይመራል» ብሎ ስልኩን ዘጋው።

እማማ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው ልጃቸውን ጠየቋት። ነገረቻቸው። አጭር ነገር አልነበረም፤ እጇን ወደ እኔ፣ ወደ ራሷ፣ ወደ ሶዶ እያወዛወዘች ነው ያስረዳቻቸው። አሁን ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ትከሻቸው እስኪርገፈገፍ ሳቁ።

«ምን አሉ?» አልኳት።

«ወደኛ አገር እንግዳ ሲመጣ፣ በልተሃል ወይ ተብሎ አይጠየቅም፣ በየቤቱ ይበላል ነው የሚለው። መኪናችሁ እንግዳ ሆኖ ሦስት ቤት በላ ነው የሚለው።»

ከዚያ ሳቃቸው ቆመ። ሌላ ነገር ጠየቁ፤ ልጃቸው ራሷን በአሉታ ነቀነቀች። «ሱቅ ያለው ሰውዬ አይቶኛል ወይ ነው ሚለኝ። አላየሽም አልኩ።» እውነቷን ነው፤ እማማ ሶዶ የሚያውቁት ሆስፒታሉን ብቻ ነው፣ ነጋዴው ደግሞ ከገበያ ጉዞው ውጭ ቀን ከሱቁ አይወጣም። ሳያያቸው እንዲህ ያሰበላቸው ሰው መኖሩን ሲሰሙ ጎዳሬውን ፈተው ለእኔ የመጀመሪያውን አቀበሉኝ፣ የሚያቃጥለውን የቃሪያ ማባያ፣ ዳታውንም ሳልጠይቅ ጨመሩልኝ። በላሁ። ከዚያ ከመኪናዋ ሥር ገብቼ የዘይት ማፍሰሻዋን ብሎን ፈታ አድርጌ፣ ትርፉን በባዶ ጀሪካን ተቀብዬ መልሼ አጠበቅሁ። እጅጌዬ እስከ ክርኔ ዘይት ሆነ። ቀስ እያልን ስንሄድ ጭሱ ሳሳ፣ ኋላም ጠፋ።

ሆስፒታሉ ስንደርስ ረፍዷል፤ ሐኪሙ ግን የልጃቸው የሥራ ባልደረባ ስለሆነ ጠብቆ አያቸው፣ መድኃኒቱንም ቀየረላቸው። ስመልሳቸው ስለሚቀጥለው ወር አልጠየቅኋቸውም። ነርሷም አልጠየቀችም። እምቢ የሚለውን ቃል ቀድሞ መስማት ማንም አልፈለገም።

ወሩን ሙሉ ሕግ ስናወጣ ከረምን። ዘይት የሚያየው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ በሜዳ ላይ፣ ሞተሩ ሲበርድ፣ በቀን ብርሃን። ያ ሰው እኔ ሆንኩ። ነጋዴው ክብሬ ተነካ ብሎ ለሁለት ቀን አኮረፈኝ፤ በቀጠሮው ዕለት ግን ሱቁን ዘግቶ «እኔም እሄዳለሁ፣ እምቢ ካሉ አብሬ እለምናለሁ» ብሎ ከኋላ ተቀመጠ።

ሃላሌ ስንገባ ቤታቸው ድረስ መሄድ አላስፈለገንም። እማማ አስፋልቱ ዳር በትራቸውን ተደግፈው ቆመዋል፤ እግራቸው ሥር ሁለት ጥቅል ጎዳሬ አለ። ልጃቸው ሮጣ ወረደች። እሳቸው ግን ከሰላምታው በፊት በትራቸውን ወደ ኮፈኖው ቀስረው ጠየቁ፤ ነርሷም እየሳቀች ወደ እኔ ዞረች።

«ዛሬ ዘይት ያየው ማነው ነው ሚለው።»

«እኔ ብቻ» አልኩ።

ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። ከኋላ የተቀመጠው ማን እንደሆነ ጠየቁ፤ ተነገራቸው። በመስኮቱ ጎንበስ ብለው ነጋዴውን ረጅም ጊዜ አዩት፤ እሱም እንደ ተማሪ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ትልቁን ጥቅል ጭኑ ላይ አስቀመጡለት። ከዚያ ልጃቸው እስክትደግፋቸው ሳይጠብቁ የፊቱን በር ራሳቸው ከፍተው ገቡ።