ኮምፒውተሩን ያፈጠንን ጊዜ

ሥራ አስኪያጃችንን በአንቱታ መጻፍ ነበረብኝ፤ አልችልም። ድሬዳዋ ተወልጄ ድሬዳዋ ያደግሁ ነኝ። እኛ ጋ አንቱታ ከደገኛ እንግዳ ጋር በባቡር መጥቶ ከእንግዳው ጋር በባቡር የሚመለስ ነገር ነው። አባቴ ከሸዋ የመጣ የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ እሱንም ልጆቹ ሁሉ አንተ እያልነው ኖረን አንተ እያልን ቀበርነው። እና ሥራ አስኪያጁንም ዛሬ ድረስ አንተ እያልኩ ነው የማስታውሰው፣ ያውም ጥርሴን ነክሼ።

መሥሪያ ቤታችን ስኳር፣ ሳሙናና አቡጀዲ ለቀበሌ ሱቆች የሚያከፋፍል የመንግሥት ድርጅት ነበር። ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመት ሲቀረው አንድ ኮምፒውተር ተላከልን። ለማሽኑ ከመጋዘኑ ጎን ያለችው የቆርቆሮ ጣራ ክፍል ተሰጠች፤ ጣራዋ ላይ አንድ ቬንትሌተር፣ ውስጧ እኔና የማሽኑ ጠጋኝ ልጅ። እኔ የመጋዘኑን ገቢና ወጪ ወደ ማሽኑ አስገባለሁ፤ እሱ ማሽኑን ይጠግናል፣ ያጸዳል፣ ሲያኮርፍ ያባብላል።

እሱ የመጋላ ሰፈር ልጅ ነው። ቀድሞ ሬዲዮ ሠሪ ነበር። አዲስ አበባ ልከውት ኮርስ ወስዶ ሲመለስ በዚያ ሙቀት ክራቫት አስሮ ባቡር ጣቢያ ወረደ፣ አንድ ወር ሙሉም ጉራው አላስቆም አላስቀምጥ አለን። ጉረኛ ነበር፣ አልዋሽም። ግን ጉራው ማንንም አይጎዳም፤ የሚያውቀውንም እስኪገባሽ ድረስ ደጋግሞ ያስረዳሻል። እኔ እወደው ነበር፣ እንደ ወንድም ይሁን እንደ ሌላ ዛሬ ለመለየት አልሞክርም።

ሥራ አስኪያጁ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጠልቶታል። ከደጋ ተሹሞ የመጣ ሰው ነው። በገባ በማግስቱ የኔው ጉረኛ በኮሪደሩ ሲያልፍ «እንዴት አደርክ፣ ጓድ!» አለው። ሰውየው ቆመና «ከማን ጋር ነው የምታወራው?» ሲል ጠየቀው። «ካንተ ጋር ነዋ!» አለ ይሄኛው፣ ከልቡ ተገርሞ። ኮሪደሩ በሳቅ ፈረሰ። ሥራ አስኪያጁም ፈገግ አለ፤ ያ ፈገግታ ምን እንደነበር ያወቅነው ቆይተን ነው።

የብሔራዊ ውትድርና ዘመን ነበር። ቀበሌው የልጁን ስም ይዞታል። እስካሁን ያስቀረው ሥራ አስኪያጁ «ለመሥሪያ ቤቱ ያስፈልገኛል» ማለቱ ብቻ ነው። ያችን ቃል ሰውየው ኪሱ ውስጥ እንዳለች ከረሜላ ይዞ ይዞር ነበር፤ ሲያሻው ብቅ ያደርጋታል፣ ሲያሻው ይደብቃታል። ጠዋት ጠዋት የክፍላችንን በር ገፋ አድርጎ አንገቱን ያስገባና «ዛሬም አለህ?» ይለዋል። ከዚያ ይስቃል፣ በሩንም ሳይዘጋ ይሄዳል። ልጁ ያን ቀን እስከ ረፋድ ድረስ ካቻቢቴ አያነሳም ነበር።

አንድ ቀን ግን በሩን ዘግቶ ገባ። ከዋናው መሥሪያ ቤት ጓዶች ለጉብኝት ሊመጡ ነው። የሌላ ከተማ ቅርንጫፍ የመጋዘኑን ማጠቃለያ ከኛ ቀድሞ እያደረሰ መመስገኑንም ሰምቷል፤ የነሱ ማሽን አዲስ፣ የኛ አሮጌ መሆኑ አልታየውም። «ይሄ ነገር ይፍጠን» አለ፣ ማሽኑን በጣቱ እየጠቆመ። «ካፈጠንከው ትቀራለህ። ካላፈጠንከው ሰሜን ሰፊ አገር ነው፣ ላንተም ቦታ አይጠፋም።» ይህን ሲል ድምፁ የምሳ ቀጠሮ የሚይዝ ሰው ድምፅ ነበር።

ሰውየው ሲወጣ ልጁ በሩን ዘጋ። ወዲያው ግን ጉራው ተመለሰለት። «አቦ፣ ይፈጥናላ! ምን ችግር አለው?» አለኝ። የማሽኑን ሆድ ከፈተና አንዲት ጥፍር የምታክል፣ የብር መልክ ያላት ቆርቆሮ አሳየኝ። ክሪስታል ትባላለች። የማሽኑን ምት የምትመታው እሷ ናት። እሷን አውጥተሽ ፈጠን ብላ የምትመታ ከተካሽ ማሽኑ ይፈጥናል። እሱም ከሬዲዮ ሥራው የተረፈ፣ ከተለያየ የመገናኛ ሬዲዮ የነቀላቸው ክሪስታሎች አንድ የሻይ ቅጠል ጣሳ ሙሉ ነበሩት።

«አንጎሉን ብቻ ማፍጠን ቢቻል ዛሬውኑ እጨርስልሽ ነበር» አለኝ። «ችግሩ፣ ሁሉም በዚችው ምት ነው የሚሄደው። ሚሞሪውም ዲስኩም። አንዱን ብቻ ፍጠን ማለት የለም።» ነገሩ እንደ ሰርግ ነው፤ ከበሮ መቺዋ ምቱን ስታፈጥን ወጣቶቹ ይደሰታሉ፤ የሙሽራዋ አሮጊት አክስት ግን መሃል ላይ ትወድቃለች። የኛ ሥራ ያችን አክስት፣ ማለት ምቱ የሚያቅተውን የማሽኑን ክፍል መፈለግ ሆነ። ስሙም በዚያው ጸናባት፤ «አክስትየዋ ዛሬ የት ናት?» እየተባባልን ነበር ክፍል የምንገባው።

መጀመሪያ ከጣሳው በጣም ፈጣኗን ከተተ፤ ስክሪኑ ጥቁር እንዳለ ቀረ። ቀጥሎ ዝቅ የምትለዋን ሞከረ። ማሽኑ ተነሳ፣ ሚሞሪውን ቆጠረ፣ ከዚያ ዲስክ የለኝም አለ። ዲስኩ እዚያው ተቀምጧል! እሱ ግን ደስ አለው። «አንጎሉ ችሏል፣ ዲስኩ ነው ያቃተው» አለ፣ እንደገናም አንድ ደረጃ ወረደ። በሦስተኛዋ ክሪስታል ዲስኩም ተገኘ፣ ሥራውም ጀመረ፤ ትንሽ እንደቆየ ግን ድርቅ ብሎ ቆመ። ያኔ የሚሞሪ ቺፖቹን አንድ በአንድ በጣቱ እየነካ ሄደ፤ ጣቱ ያልለየውን በከንፈሩ ጫፍ ይለካል። የሚፋጁትን ነቅሎ ከመለዋወጫ ሣጥኑ በሌላ ተካቸው። ከዚያ በኋላ ማሽኑ ማለዳ ተነስቶ እስክንወጣ ሳይቆም ሠራ። ቁጥሩን በእጄ እየደመርኩ አመሳከርኩ፣ አንድም አልሳተም። በማግስቱም፣ በሌላውም ቀን እንዲሁ። ልጁ በደስታ አቅፎኝ ወደ ላይ አነሳኝ፤ «ቀረሁ! ወላሂ ቀረሁ!» አለ።

አዲስ አበባ ወይም ሌላ ደጋ ከተማ ብንሆን የሠራነውን ስህተት አንሠራውም ነበር። ድሬ በሙቀቱ ወራት ከስድስት ሰዓት በኋላ ሥራ የለም። መሥሪያ ቤቱ ይዘጋል፣ ሱቁ ይዘጋል፤ የሚተኛው ይተኛል፣ በርጫ የሚቀመጠው ጫቱን ይዞ ይቀመጣል። ወደ አሥር ሰዓት ተመልሰን ስንገባ የፖለቲካ ውይይት ክበብ ነው፣ ማሽኑን የሚነካው የለም። እኛም ስድስት ሰዓት ሲሆን አጥፍተነው፣ አቧራ እንዳይገባበት ጨርቅ አልብሰነው፣ መስኮቱን ዘግተን እንሄዳለን። ያ ክፍል በስምንት ሰዓት ምን እንደሚመስል ከሁለታችን አንዳችንም አይተን አናውቅም። እናየዋለን ብለንም አላሰብንም፤ ማን ጤነኛ ሰው በስምንት ሰዓት ይሠራል?

ጓዶቹ በአውሮፕላን መጥተው፣ ምሳ በልተው፣ ቢራ ጠጥተው በስምንት ሰዓት ማሽኑን እንይ አሉ። እኔን ሹፌሩ ሲጠራኝ ሲሚንቶው ላይ ውሃ ረጭቼ ተኝቻለሁ። እሱን ከመጋላ ከበርጫው አስነስቶ አመጣው፤ ጉንጩ ገና እንዳበጠ ነበር። ክፍሉን ስንከፍት ሙቀቱ ፊታችንን ገፋን። ልጁ ማሽኑን ዳሰሰና ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረ።

«ጓድ፣ በዚህ ሰዓት አስነስተነው አናውቅም። ወይ እንግዶቹ ጠዋት ይዩት፣ ወይ የድሮዋን ክሪስታል ልመልስ።»

«አብዮቱ የመኝታ ሰዓት አለው እንዴ?» አለ ሥራ አስኪያጁ። እንግዶቹ ሳቁ። «አስነሳው።»

አስነሳው። ማሽኑ ሮጠ፤ እንግዶቹ አንገታቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ማተሚያው ማጠቃለያውን ማውጣት ጀመረ። መጋዘናችን ውስጥ ያለው ስኳር ከዜሮ በታች ነው ይላል። ሳሙናው ለመላው አፍሪካ የሚበቃ ሆኗል። በመጨረሻ ቁጥር የሚባለው ነገር ጠፍቶ ልዩ ልዩ ምልክት አወጣና ቀጥ ብሎ ቆመ። ከእንግዶቹ አንዱ ወረቀቱን አንስቶ ጮክ ብሎ አነበበው፣ ሌሎቹ በሳቅ ሆዳቸውን ያዙ። ሥራ አስኪያጁም አብሮ ሳቀ። ሳቁን ሲጨርስ ወደ ልጁ ጠጋ ብሎ ለስለስ ባለ ድምፅ «ይሄ አሻጥር ነው ወይስ ድንቁርና?» ብሎ ጠየቀው።

ልጁ ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል። «ትንሽ ጊዜ ስጡኝ፣ አስተካክለዋለሁ» አለ።

እኔ በዚያች ቅጽበት አንድ ነገር ገባኝ። ይህ ማሽን እንደተበላሸ ከቀረ የሚሠራው ሰው ያስፈልጋል። ከተሠራ ግን ማን ያስፈልጋል? ከኋላ ክንዱን ቆነጠጥኩት። ዞር ብሎ «ምነው አንቺ!» አለኝና ካቻቢቴውን አነሳ። ማሽኑን ከፈተ፣ የድሮዋን ክሪስታል መለሳት፣ የጋለውን ቺፕ ቀየረ፣ የላላውን ሁሉ ጫን ጫን አደረገ። ሰው አልጋ ላይ ልጅ እንደሚያስተኛ ነበር የሚነካው። ማሽኑ ተነሳ። በዚያ ሙቀት ውስጥ በራሱ ቀርፋፋ አካሄድ ማጠቃለያውን ከዳር እስከ ዳር አወጣ። ልጁ ወረቀቱን ቆርጦ ለእንግዶቹ ሰጠ፤ ፊቱ ላይ ኩራት ነበር፣ በዚያ ቀን እንኳ ኩራት!

ሥራ አስኪያጁ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። «በጣም ጥሩ። አሁን ማሽኑ ደህና ነው?»

«ምንም አይነካውም።»

«ለስንት ጊዜ?»

«ወላሂ፣ ዓመት ቢሠራ አይቆምም።»

«እንግዲያው እኛ ጋ የምትሠራው ነገር የለህም» አለው። «አገርህ ትፈልግሃለች።»

ከእንግዶቹ ያልሳቀ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም መስኮት መስኮቱን ያይ ነበር። በማግስቱ ከቀበሌ መጥተው ወሰዱት። ሥራ አስኪያጁ ጠዋት በሩን ገፋ አድርጎ አንገቱን አስገባ፤ እኔን ብቻ አይቶ «እህ፣ ዛሬስ የለም» አለና ሄደ። ጠላሁት። ጥላቻ ምን እንደሚመስል ያወቅሁት ያን ጠዋት ነው፣ ጣዕሙ ምላሴ ላይ ነበር።

የልጁን እናት ከዚያ በፊት አላውቃትም። አንድ ረፋድ ሽርጥ የታጠቀች ቀጭን ሴት በሩ ላይ ቆማ አየኋት። የልጁ እናት መሆኗን ነገረችኝ፤ ምልምሎቹን የጫነው ካሚዮን ሊሄድ ሲል ልጇ ሊያጽናናት የነገራትንም ነገረችኝ። «አታልቅሺ ኡሚ፣ ያቺ ማሽን ከኔ በቀር የሚያውቃት ሰው የለም፣ ስትበላሽ ይጠሩኛል» ብሏታል። እና አሁን ወደ ማሽኑ እያየች «ተበላሸች ወይ፣ ልጄ?» አለችኝ።

«አልተበላሸችም» አልኳት።

«እሺ፣ ደግሞ እመጣለሁ።»

መጣችም። ገበያ በወጣች ቁጥር በእኛ በኩል ታልፋለች። አትቀመጥም፣ ውሃ እንኳ አትጠጣም። «ተበላሸች?» ትላለች፤ «አልተበላሸችም» እላለሁ፤ ዘንቢሏን አንስታ ትሄዳለች። ማሽኑም አይበላሽም! ሙቀቱ አልጣለውም፣ አቧራው አልጣለውም። የመብራት መቆራረጡም ምንም አላደረገውም። እንዲህ አድርጎ የሠራውን ልጅ አንዳንድ ቀን በሆዴ እረግመው ነበር።

በመጨረሻ እኔው ሰበርኩት። ማንም በሌለበት ከፈትኩትና ከሚሞሪ ቺፖቹ ሁለቱን ነቅዬ እግራቸውን አጣመምኩ፣ መልሼ ሰካሁና ዘጋሁት። ከዚያ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገብቼ «ማሽኑ ቆሟል፤ ከእሱ በቀር የሚያውቀው የለም፣ ያስጠሩልን» አልኩት። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እርስዎ አልኩት። ሰውየው ፈገግ አለ፣ ስልኩን አነሳ። የተተኮሰ ሸሚዝ የለበሰ፣ ጨዋ የሆነ ባለሙያ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን መጣ። ከምሳ በፊት ሠርቶ ጨረሰ። ማሽኑን ሲዘጋ «ይሄን ማን ነው እንዲህ አጥርቶ የያዘው?» ብሎ ጠየቀኝ፤ እኔ ማሽኑን ጨርቅ አለበስኩት።

እናቱ በዚያው ሳምንት መጣች። «ተበላሸች ወይ፣ ልጄ?»

መዋሸት ነበረብኝ፤ ምላሴ ቀደመኝ። «ተበላሽታ ነበር» አልኳት።

ዘንቢሏ ከእጇ ወደቀ። ሁለት እጄን ያዘች፣ ፊቷ በራ፣ «ጠሩት? ይመጣል?» አለችኝ።

«ሌላ ሰው መጥቶ ሠራት።»

እጄን ለቀቀች። ማሽኑን አየችው፣ እኔን አየችኝ።

«ሌላም ሰው ያውቃታል እንዴ?» አለች።

ከዚያ ወዲህ አልመጣችም።